የማሳለፊያ እጅ

ነዳጅ ማደያ ቆሜ አንድም ቀን በሰላም ቀድቼ አላውቅም። ቧንቧውን ገና ሳልሰካ አንዱ ከመኪናው ወርዶ እጁን ኪሱ ከትቶ ይመጣል። አንዴ ይዞራታል። ኮፈኗ ላይ የተከፈተውን የአየር ቀዳዳ ያያል፣ ኋላዋ ላይ የቆመውን ክንፍ ያያል፣ ጎንበስ ብሎ በመስኮት ሲመለከት የኋላ ወንበር የላትም፤ ይስቃል። ከዚያ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነው።

«አባት፣ ስንት አወጣህባት?»

እነግረዋለሁ። መቶ ሰባት ሺህ ዶላር። ሰባ ስድስቱ የተተመነላት ዋጋ ነው፤ ሠላሳ አንዱን ሻጩ «ብዙ አልተሠራችም» ብሎ ከላይ የከመረው ነው።

«እና ዋጋዋ ይገባታል?»

ለዚህኛው ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ የሰጠሁት ሰው የለም። አንዱን በቀልድ፣ አንዱን በዝምታ አሰናብቻለሁ። እዚህ ልጻፈው። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ ጽሑፌ ያልጣመው ይተወው።

ከእጄ ልጀምር። በግራ እጄ ሌባ ጣትና የመሀል ጣት የለኝም።

ሚሺጋን ውስጥ፣ ሳጊናው ከተማ አጠገብ፣ ላሜራ እየመታ የመኪና በርና ኮፈን የሚያወጣ ፋብሪካ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። መምቻው ማሽን ፊት ለፊት የብርሃን ዐይን አለ፤ እጅህ ከገባ ያይና ማሽኑን ያቆማል። በ1994 ክረምት፣ በረዶው ጉልበት በደረሰበት ሳምንት፣ ያ ዐይን አርጅቶ እጅ ሳይገባም ያቆመን ጀመር። የፈረቃችን ፎርማን ሎዌል ቴግ ይባላል። የቀኑ የምርት ቁጥር ጎደለበትና አንዲት ቁራጭ ሽቦ አምጥቶ ዐይኑን አሳወረው።

«እስከ ምሳ ብቻ ነው ዱዌይን» አለኝ። «ከምሳ በኋላ ጥገናዎች ያዩታል።»

ለምሳ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጣቶቼ ሄዱ።

ያቺ ሽቦ አምቡላንሱ ከግቢ ሳይወጣ ተነቅላለች። በማግስቱ ሆስፒታል ድረስ ወረቀት መጣልኝ። «አደጋው የደረሰው ሠራተኛው ጥንቃቄ በማጉደሉ ነው» ይላል፤ ከሥሩ የቴግ ፊርማ አለበት። እኔ በማደንዘዣ ሰክሬ ነበር። በደህናው እጄ ፈረምኩ። በኋላ ለሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብናገር «ታዲያ ማን ፈርም አለህ?» አለኝ። ከዚያ ቴግ የፈረቃው ኃላፊ ሆነ፣ ከዚያ የክፍሉ፣ ከዚያ የሕንጻው። እኔ ጡረታዬ ድረስ እዚያው ማሽን ላይ ነበርኩ።

ከዚህ ሰው የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ገንዘብ አይደለም። «እኔ ነኝ ሽቦውን ያደረግሁት» ብሎ በወረቀት እንዲጽፍ። ሃያ ስምንት ዓመት ጠበቅሁት።

ፋብሪካው ሲዘጋ የስንብት ገንዘብ ተሰጠን። የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ጡረተኞቹ በማኅበሩ አዳራሽ ተሰብስበን ቁርስ እንበላለን፤ እንቁላል፣ የተጠበሰ ድንች፣ ውሃ የመሰለ ቡና። አለቃውም ሠራተኛውም አንድ ጠረጴዛ ነው፤ ፋብሪካው ከሞተ ወዲያ ሁላችንም እኩል ነን ይባላል። ቴግ እዚያ የሚያወራው ስለ መኪናው ብቻ ነው። ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት የጃፓን መኪና አለችው፤ በአራት ሺህ ዶላር ነው የገዛት። በእሷ ቦውደን ክሪክ የሚባለው የውድድር መንገድ ላይ ከክለቡ ጋር ይነዳል።

«ውድድር አይደለም እኮ» ይላል ድንቹን እየወጋ። «ዋንጫ የለም። ሥርዓት ነው ያለው። ፊትህ ያለው ሰው ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ በዚህ በኩል እለፍ ብሎ ካልጠቆመህ፣ ብትፈልግ ፍንዳ፣ አታልፍም። ዘገምተኛው ነው ፈጣኑን የሚያሳልፈው። ማሳለፍ የማይችል ሰው እኛ ጋ ቦታ የለውም።»

ኤልዉድ የሚባል ብየዳ ክፍል የነበረ ሰው «ዱዌይንን ለምን አትወስደውም?» አለው። «መኪና ያውቃል።»

ቴግ ቀና ብሎ አየኝ። ቡናውን ጠጣ።

«ዱዌይን? ዱዌይንማ ሰው ማሳለፍ አይችልም። በምኑ ይጠቁማል?»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ኤልዉድ እንቁላሉ ትን ብሎት ጀርባውን ተመታ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ እኔም ሳቅሁ። የወጋ ይረሳል፣ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ቴግ ግን አልረሳም። ቀልድ አደረገው እንጂ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሳሰላ ነበር። ሌላውን የሚያሳልፈው ከኋላው የተደረሰበት ሰው ነው። ያልተደረሰበት ሰው እጁን ከመሪው ማንሳት አያስፈልገውም። ሰባት መቶ ስልሳ የፈረስ ጉልበት ያላትን መኪና ማን ይደርስባታል? ለእኛ አገር ሰው ይሄ ሒሳብ ልክ ነው። በጉልበት የማይፈታ ነገር የለም ተብለን ነው ያደግነው።

ሮክሳን፣ ባለቤቴ፣ በስንብቱ ገንዘብ ቴነሲ ያለችው እህቷ አጠገብ ትንሽ ቤት እንድንገዛ ነበር የምትፈልገው። ጡንቸኛዋን መኪና ይዤ ስመጣ በረንዳው ላይ ቆማ ሲጋራዋን ጨርሳ ነው የወረደችው።

«የኋላ ወንበር የላትም?»

«ክብደት እንዲቀንስ ነው። ለውድድር መንገድ ተብላ የተሠራች ናት።»

«ወንበሩን ስላወጡት ቀነሱልህ?»

«ጨመሩ።»

«ሬዲዮስ?»

«ከባድ ነው ብለው—»

«ዱዌይን፣ አንተ የሌላትን ነገር ሁሉ ነው እንዴ የገዛኸው?»

የመኪናዋን በር ዘጋሁ። እሷም አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

መኪናዋን ላማት አልፈልግም። ያሉትን ሁሉ ታደርጋለች። ስትነሳ ደረትህን በክርኗ ትመታሃለች። ግን ማወቅ ያለብህን ሻጩ አይነግርህም። ጎማዎቿ የውድድር ናቸው፤ ሦስት ቀን መንገዱ ላይ ከነዳሃት ያልቃሉ። ብርድ ላይ ካንቀሳቀስካት እንደ ብስኩት ይሰነጠቃሉ፤ ሚሺጋን ደግሞ ግማሹ ዓመት ብርድ ነው። ከሁሉም በላይ ሁለት ቶን ናት። ወንበርና ሬዲዮ አውጥተውም ሁለት ቶን። ቀጥታው መንገድ ላይ የሚያቆማት የለም፤ ኩርባው ጋ ስትደርስ ግን ያን ሁሉ ብረት ማቆም ያለብህ አንተ ነህ።

በጸደይ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ እነ ቴግ ክለብ ተመዘገብኩ፤ ሁለት ቀን አስተማሪ አጠገቤ አስቀምጠው አስነዱኝ። በጉልበቴ ሁሉንም ቀጥታው ላይ ትቻቸው ስለሄድኩ እጅ ማውጣት አላስፈለገኝም። በመስከረም ብቻዬን ፈቀዱልኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ክለቡን የምትመራው ማርቫ ትሪስኮት ሰበሰበችን። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ሰባ ዓመቷ ነው፣ ድምጿ ግን እንደ ጥሩምባ።

«ስሙ፣ እናንተ የተንጠባረራችሁ! ማለፍ የሚቻለው ቀጥታው ላይ ብቻ ነው። ግራ እጅ በመስኮት ይወጣል። በግራህ እንዲያልፍ ወደ ግራ ትጠቁማለህ፣ በቀኝህ ከሆነ በጣሪያው በላይ ወደ ቀኝ። ከጠቆምክ በኋላ እግርህን ከቤንዚኑ ላይ ታነሳለህ! እጅ ሰጥቶ የሚረግጥ ሰው እኔ ጋ ሁለተኛ አይነዳም። ሰማያዊ ባንዲራ ካየህ ከኋላህ ሰው አለ፣ አሳልፈው። ጥቁር ካየህ እኔ ጋ ና፣ ጆሮህን ልቆንጥጥልህ። ኩራታችሁን ፓርኪንግ ላይ አቁሙት፤ ሰፊ ቦታ አለ።»

ሰዉ ሳቀ። ቴግ ከኋላ ሆኖ «ማርቫ፣ የእኔ ኩራት ትንሽ ናት፣ በኪስ ትገባለች» አለ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። መኪናዬን ዞራት።

«መቶ ሺህ አወጣ ይባላል፤ እውነት ነው?»

«መቶ ሰባት።»

«አንተ ሰውዬ! በዚህ ዋጋ የእኔን ዓይነት ሃያ ስድስት ትገዛ ነበር።»

«ሃያ ስድስቱም ተሰልፈው ከኋላዬ ይቀሩ ነበር።»

ሳቀ፤ ትከሻዬን መታ አደረገ። «ይሁን። አፍ እንኳን ገዝተሃል።»

ከሰዓት በኋላ አንድ ምድብ ደረሰን። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ገባን።

የመጀመሪያው ቀጥታ ላይ ረገጥኳት። ቴግ ስፖኪዮዬ ውስጥ እያነሰ፣ እያነሰ፣ ዝንብ አክሎ ጠፋ። ጮኽኩ መሰለኝ፤ በሄልሜት ውስጥ የሰው ድምፅ የሌላ ሰው ይመስላል። ከዚያ ኩርባው መጣ። ፍሬን ያዝኩ፣ ጠበቅሁ፣ አዞርኳት። ሁለተኛው ኩርባ፣ ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ስፖኪዮዬን ሳይ ያቺ ቀይ ዝንብ አለች። አምስተኛው ላይ የሄልሜቱን ቀለም ለየሁት። መኪናዋ ምንም አትመዝንም፤ እኔ ፍሬን በምይዝበት ቦታ እሱ ገና ይረግጣል። ስድስተኛው ላይ ቂጤ ሥር ገባ።

ባንዲራ ያዡ ሰማያዊውን አወዛወዘልኝ። ያላየሁ መሰልኩ።

ቀጥታው ሲመጣ እንደገና ትቼው ሄድኩ። ኩርባዎቹ ላይ እንደገና መጣ። ሁለተኛ ዙር፣ ሰማያዊ። ሦስተኛ ዙር፣ ሰማያዊ፤ ባንዲራ ያዡ በዚህኛው ከአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ በንዴት ነው ያወዛወዘው። የፍሬኔ ፔዳል እየረዘመ፣ እየሰነፈ መጣ። ሁለት ቶን በሦስት ዙር ፍሬን ያቀልጣል፤ ይሄንንም ሻጩ አልነገረኝም። እጄን ማውጣት ነበረብኝ። አንድ ሰከንድ ነው። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ ያን ቀን ጠዋት አንዲት ነርስ በትንሽ መኪና ስትመጣባቸው አራት ወንዶች ተራ በተራ አሳልፈዋታል፣ ማንም አልሞተም። ግን ይሄ ቴግ ነው። በምኑ ይጠቁማል ያለው ቴግ።

በአራተኛው ዙር ካላሳለፍኩት ጥቁሩ እንደሚወጣልኝ አውቄአለሁ። ሁሉም እያየ ተጠርቼ ልወርድ ነው። ቀጥታው ላይ ስንወጣ ቤንዚኑን ለቀቅ አደረግሁና ግራ እጄን በመስኮት አወጣሁ።

እዚህ ላይ አልዋሽም። ላሳልፈው አልነበረም። እንዲያየው ነበር። አውራ ጣቴን፣ የቀለበት ጣቴን፣ ትንሿን፣ በመሀከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ። ሃያ ስምንት ዓመት ኪሴ ውስጥ የደበቅሁትን እጅ አውጥቼ ነፋሱ ላይ ያዝኩለት። እየው፣ አልኩ። ጠቁም አልክ፤ እየው።

እሱ ግን የክለቡ ሰው ነው። እጅ ከመስኮት ከወጣ ማለፍ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በግራዬ ወጣ። ጎኔ ደረሰ። ጣሪያ ስለሌላት ትከሻውን ሁሉ አየሁት። አመስግኖኝ ነበር፤ በቀኝ እጁ፣ እንደ ደንቡ፣ አንዴ ከፍ አድርጎ። ያን ጊዜ ረገጥኳት።

ኩርባው ወደ ቀኝ ነው። እሱ በውጭ በኩል፣ እኔ በውስጥ። ሁለታችንም እኩል ደረስን። ፍሬን ብረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሄደ፤ መኪናዋ በክብደቷ ወደ ውጭ ተንሸራተተች። አልነካሁትም። አንድ ጭረት የለባትም፤ ከፈለጋችሁ መጥታችሁ እዩ። ቦታውን ብቻ ነው የወሰድኩበት። ሳሩ ላይ ወጣ፣ ተሽከረከረ፣ ጎማ የተደረደረበትን ግድግዳ በጎኑ መታው።

ሁሉም ባንዲራ ቀይ ሆነ። ሞተሬን ሳጠፋ ከኮፈኑ ስር ትክ ትክ የሚል የጋለ ብረት ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ማርቫ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ቴግ አምቡላንሱ ውስጥ ሆኖ ነው ያስጻፈው። እጅ ሰጥቶኛል፣ ከልክ በላይ ፈጥኜ የገባሁት እኔ ነኝ ይላል። ባንዲራ ያዡም እጅህን አይቷል።» ዐይኔን አየችው። «ዱዌይን፣ እግርህን አንስተሃል?»

«አንስቻለሁ።»

«ሦስት ዙር ሙሉ ስትከለክለው የነበርከው ሰውዬ?»

«አንስቻለሁ አልኩሽ።»

ወረቀቱን ሰጠችኝ። «አደጋው የደረሰው ነጂው ፍጥነቱን ባለመመጠኑ ነው» ይላል። ከሥሩ የቴግ ፊርማ፤ ተንጋድዷል፣ ግን ፊርማው ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ። ምስክር የሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩ። በደህናው እጄ።

ማታ ሮክሳን እራት ሳታቀርብ ወጥ ቤት ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«እጅህን አውጥተህ አሳልፈኸው ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«አንተ?» አለች። «ቤተ ክርስቲያን ሰው ሰላም ሲልህ እንኳን ግራ እጅህን ከኪስ አታወጣም። ለሎዌል ቴግ አወጣህ?»

ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋትም። በዚያው ሳምንት ቴነሲ ሄደች። «ክረምቱን ብቻ» ነበር ያለችው። ክረምቱ አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። ዳሌውና አከርካሪው ነው የተሰበረው። ከወገቡ በታች አይሰማውም፤ ከእንግዲህም አይሰማውም አሉ ሐኪሞቹ። ፊቱ አንሶ ነበር። ሲያየኝ ግን ያንኑ የቁርስ ፈገግታ አወጣ።

«መጣህ? እኔ እኮ አበባ ታመጣለህ ብዬ ነበር።»

«ቴግ፣ እጅ አልሰጠሁህም።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ስትረግጣት ሰማኋታ! ያቺን መኪና አገር ይሰማታል። የሚያሳልፍ ሰው አይረግጥም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

ጣሪያውን አየ። «ማርቫ ክለቡን ትዘጋው ነበር። ደግሞም... ታውቃለህ። ያቺ ሽቦ።»

ሃያ ስምንት ዓመት። «የትኛዋ ሽቦ?» አልኩት፤ በአፉ እንዲለው።

«ሞኝ አትሁን። የትኛዋ ትሆናለች? ያሳወርኩት እኔ ነኝ፣ የነቀልኳትም እኔ ነኝ። ያኔ ሦስት ልጆች ነበሩኝ።» ዐይኑን ጨፈነ። «አሁን እኩል ነን።»

«ጻፈው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሽቦውን። በወረቀት ጻፈው፣ ፈርምበት።»

«ዱዌይን፣ ፋብሪካው እኮ ፈርሷል። ለማን ይነበባል?»

«ለእኔ።»

«አንተም ያንተን ትጽፋለህ?» አለኝ። «ምስክር ብለህ የፈረምክበትን ቀደህ፣ ረግጫለሁ ብለህ? ያን ጊዜ ብዕር አምጣ።»

ብዕር ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ብጽፍ ፍርድ ቤት አለ፣ የመድን ሰዎች አሉ፣ ማርቫ አለች። ሦስት ልጆች የሉኝም፤ ሰበብ ግን አላጣሁም። እንደ እሱ ነው የቆምኩት፣ ልክ እንደ እሱ፣ የአልጋውን ብረት ይዤ።

«ገባህ?» አለኝ። ክፋት አልነበረውም ድምፁ። «ቀጥታው ላይ ግን ትተኸኝ ሄደሃል። እሱን አልክድህም።»

በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ያመሰገነኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ቁርስ አልሄድም። ቴግ ግን ይሄዳል፤ ኤልዉድ ነው ወንበሩን የሚገፋለት። እኔ የማሳልፍ ደግ ሰው እንደሆንኩ ያወራል አሉ፤ ዱዌይን እጅ ሰጠኝ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እያለ። ሰዉም «እንዴት ያለ ጨዋ ነው ቴግ» ይላል። ጣቴን ወሰደ፣ ስሙን አላጎደለም። እግሩን ወሰድኩበት፣ ስሙ ጭራሽ ከፍ አለ።

መኪናዋን ልሸጣት ሞክሬ ነበር። ሻጩ ያኔ የከመረውን ሠላሳ አንድ ሺህ አሁን አያውቀውም፤ ከተተመነላት ዋጋም በታች ሰጠኝ። ወደ ቤት ይዣት ተመለስኩ። አንዳንዴ ሙቀት ባለበት ቀን ጎማዋ እንዳይደርቅ ማደያ ድረስ እነዳታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያ ቆሜ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ መጣ። እንደ ሁሉም አንዴ ዞራት። ስንት አለኝ፤ ነገርኩት። ፉጨት አሰማ።

«እና ዋጋዋ ይገባታል አባት? እውነቱን ንገረኝ፣ እኔም ልገዛ እያሰብኩ ነው።»

«ሲሸጡልኝ ማንም አያልፍህም ብለውኝ ነበር» አልኩት። «ቃላቸውን ጠብቀዋል። እስካሁን ማንም አላለፈኝም።»

ጉራ መሰለውና ከልቡ ሳቀ። «የወንድ መኪና!» ብሎ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። ቀኝ እጄ ቧንቧውን ይዟል። ግራውን ከኪሴ አላወጣሁም። ጥቂት ጠበቀ፣ ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ አብሶ ወደ መኪናው ተመለሰ።